ሦስት መብራት ሦስት የሚሆነው መቼ ነው? ስለ ጠላቂዎች መጠባበቂያ መብራት አሠራር የቀረበ ሂስ

የታመቀ አየር በጀርባው ተሸክሞ ከውሃ በታች የሚዋኝ ሰው፥ ማለትም ጠላቂ፥ በምድር ላይ ካለ ሰው የሚለየው በመተንፈሻው ብቻ አይደለም። በምድር ላይ መብራት ቢጠፋብን እንቆማለን፤ እንዳብሳለን፤ ጎረቤት እንጠራለን፤ ቢቸግርም እስኪነጋ እንጠብቃለን። ውሃ በሞላው ዋሻ ውስጥ ያለ ጠላቂ ግን ከነዚህ አንዱንም ለማድረግ አይችልም። የያዘው አየር የተወሰነ ስለ ሆነ መጠበቅ አይሆንለትም፤ አፉ በመተንፈሻው የተያዘ ስለ ሆነ መጣራት አይሆንለትም፤ ከራሱ በላይ ዐለት ስለ ሆነ ወደ ላይ መውጣት አይሆንለትም። ስለዚህ ዋናው መብራት በጠፋ ጊዜ የሚበራው ሁለተኛው መብራት፥ በዚህ ጽሑፍ መጠባበቂያ መብራት የምንለው፥ ከሕይወት መሣሪያዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል።

ይህ መሣሪያ ዛሬ በልዩ ልዩ መልክ ይሸጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአንዱን ፋብሪካ ዕቃ አመስግኖ የሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። የምንተቸው ከብዙዎቹ ዕቃዎች በስተጀርባ ያለውን ሐሳብ ነው፤ ይኸውም መጠባበቂያው የዋናው መብራት ታናሽ ወንድም ተደርጎ መሠራቱን ነው። ክርክራችን በአጭሩ ይህ ነው፤ መጠባበቂያ መብራት ስሙ የሚገባው ዋናውን መብራት ካጠፋው ምክንያት ነጻ በሆነ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ ነጻነት በፊት የሚመጣ ቍጥርም፥ ድምቀትም፥ ውበትም ሁሉ ትርፍ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

1. የሕጉ አመጣጥ

ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉት ፈረንሳውያን በ1943 ጠላቂው በፈለገው ጊዜና በሚገባው ግፊት አየር የሚሰጠውን መተንፈሻ ከሠሩ ወዲህ ሰው ከመርከብ ጋር በቧንቧ ሳይታሰር በውሃ ውስጥ ለመዘዋወር ቻለ። ይህ ነጻነት ሰውን ወደ ባሕር ብቻ ሳይሆን ወደ ዋሻም ወሰደው። በተለይ የሰሜን ፍሎሪዳ ምድር የኖራ ድንጋይ በመሆኑ ከሥሩ ውሃ የሞላባቸው ረጃጅም ዋሻዎች ይገኛሉ፤ በነዚህም ዋሻዎች ብዙ ሰዎች ሞቱ።

የሞቱን ምክንያት እያንዳንዱን አደጋ በመመርመር ለማወቅ ከጣሩት ሰዎች ዋነኛው ሼክ ኤክስሊ የተባለው አሜሪካዊ ጠላቂ ነበር። በ1979 በወጣው ስለ ዋሻ ጥልቀት መሠረታዊ ትምህርት በሚሰጠው አነስተኛ መጽሐፉ፥ ጠላቂ ሁሉ ከመግቢያው ጀምሮ ያልተቋረጠ መሪ ገመድ እንዲዘረጋ፥ ከአየሩ ከሢሶው በላይ ለመግባት እንዳይጠቀም፥ እንዲሁም እያንዳንዱ ሰው ከሦስት ያላነሱ መብራቶች እንዲይዝ መከረ። ኤክስሊ ራሱ በ1994 በሜክሲኮ ዛካቶን በተባለው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ሲጠልቅ ሕይወቱ አለፈ፤ ምክሩ ግን እስከ ዛሬ የዋሻ ጠላቂዎች ሕግ ሆኖ ይኖራል። በሕጉ ላይ የተጨመረ አንድ ልማድም አለ፤ ከቡድኑ አባሎች የአንዱ መብራት እንኳ ቢጠፋ ጕዞው በዚያው ያበቃል፤ ሁሉም ወደ መውጫው ይመለሳሉ።

ይህ ሕግ መልካም ሕግ ነው። «አንድ ዐይና ባፈር አይጫወትም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት የሚያስተምረውን ያስተምራልና። አንድ መብራት ብቻ የቀረው ጠላቂ አንድ ዐይና ነው፤ ስለዚህ ሳይጫወት ይወጣል። ሆኖም የሕጉ ቃል «ሦስት» የሚል ቍጥር በመሆኑ፥ ሻጩም ገዢውም አስተማሪውም ቍጥሩን ይዘው የቍጥሩን ምክንያት ወደ ኋላ እንዲተዉት በር ከፍቷል። ሂሳችን የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

2. ቍጥርና ነጻነት

ነገሩን በቀላል ሒሳብ እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፥ አንድ መብራት ከመቶ ጕዞ በአንዱ ይበላሻል እንበል። ሦስት መብራቶች አንዱ ከሌላው ፈጽሞ ነጻ ሆነው ቢበላሹ፥ ሦስቱም በአንድ ጕዞ ላይ የሚጠፉት ከ1,000,000 ጕዞ አንድ ጊዜ ነው። ይህ ቍጥር ለማንም ሰው የልብ ዕረፍት ይሰጣል። ዳሩ ግን ሦስቱ መብራቶች በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዙ፥ በአንድ መሙያ ሌሊቱን የተሞሉ፥ አንድ ዓይነት ባትሪና አንድ ዓይነት ማብሪያ ያላቸው ቢሆኑስ? መሙያው በሌሊት ኤሌክትሪክ ተቋርጦበት ቢያድር ሦስቱም ባዶ ናቸው። የማብሪያው አሠራር በ40 ሜትር ጥልቀት የሚታወክ ቢሆን ሦስቱም በ40 ሜትር ይታወካሉ። በዚህ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን አንድ የነበረው ዕድል ወደ መቶ አንድ ይመለሳል፤ ጠላቂውም ሦስት መብራት ተሸክሞ ሳለ የያዘው በእውነቱ አንድ መብራት ነው።

መምህራን ከጕዞ በፊት የሚያደርጉት ምርመራም ይህን ጕድለት አይገልጥም። ተማሪው መብራቶቹን አንድ በአንድ ያበራል፤ መምህሩ «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» ብሎ ይቈጥራል። ይህ የሚያረጋግጠው መብራቶቹ በዚያች ደቂቃ፥ በደረቅ ስፍራ፥ በሞቀ እጅ መብራታቸውን ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ በጨለማ፥ በቅዝቃዜና በግፊት ይበሩ እንደ ሆነ፥ አንዱን የሚያጠፋውም ምክንያት ሌላውን ያጠፋ እንደ ሆነ አያረጋግጥም።

እንግዲህ የመጠባበቂያ መብራት ሠሪ በቅድሚያ ራሱን መጠየቅ የሚገባው «ይህ መብራት ምን ያህል ያበራል?» ብሎ ሳይሆን «ዋናው መብራት በምን ምክንያት ይጠፋል? የእኔስ በዚያው ምክንያት ይጠፋልን?» ብሎ ነው። ከዚህ በታች የምናቀርባቸው ሦስት ነቀፌታዎች ሁሉ ከዚሁ ጥያቄ የሚወጡ ናቸው።

3. ስለ ድምቀት

በመብራት ንግድ ውስጥ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚነገረው ቍጥር ሉመን፥ ማለትም የሚወጣው ብርሃን መጠን ነው። ለዚህ ምክንያት አለው። ሹጂ ናካሙራ በ1993 ብርቱ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ኤል.ኢ.ዲ. ካቀረበ በኋላ፥ ከሰማያዊው ነጭ ብርሃን ማውጣት ተቻለ፤ ለዚህም ሥራ ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር በ2014 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከዚህ በፊት የነበረው የሃሎጂን አምፑል ቀጭን ሽቦ ስለ ነበረው አንድ ጊዜ ከዐለት ጋር ሲጋጭ ሊበጠስ ይችል ነበር። ኤል.ኢ.ዲ. ሽቦ የለውም፤ በትንሽ ኀይልም ብዙ ያበራል። ይህ ለመጠባበቂያ መብራት ታላቅ ስጦታ ነበር።

ሠሪዎች ግን ይህን ስጦታ በአብዛኛው በድምቀት ላይ አጠፉት። በሒሳብ እንየው። በብዙ የእጅ መብራቶች ውስጥ የሚገባው አንድ የሚሞላ የሊቲየም ባትሪ 3.6 ቮልትና 3,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ቢሆን፥ የሚይዘው ኀይል ወደ 11 ዋት-ሰዓት ነው። ለአንድ ዋት 100 ሉመን የሚሰጥ ኤል.ኢ.ዲ. ብንወስድ፥ 1,000 ሉመን የሚያበራ መብራት ይህን ባትሪ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ያው ባትሪ በ200 ሉመን ከአምስት ሰዓት በላይ ያገለግላል። የሰው ዐይን ደግሞ አምስት እጥፍ ብርሃንን አምስት እጥፍ አድርጎ አያየውም፤ ልዩነቱ በዐይን ሲታይ ከቍጥሩ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ገዢው በዐይኑ ለማያየው ልዩነት የአራት ሰዓት ዕድሜውን ይከፍላል ማለት ነው።

ከዚህም በቀር ድምቀት ራሱ የሚጐዳበት ጊዜ አለ። መጠባበቂያው ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ነገር በተበላሸበት ሰዓት ነው፤ ነገር በተበላሸበት ሰዓት ደግሞ ጠላቂው በመፍጨርጨሩ የዋሻው ደለል ይነሣል። በጣርማ በር ጉም ውስጥ መኪና የነዳ ሰው ረጅሙን መብራት ቢያበራ ፊቱ ነጭ ግድግዳ እንደሚሆንበት ያውቃል። በደለልም ውስጥ ሰፊና ብርቱ ብርሃን እንደዚሁ ወደ ዐይን ይመለሳል። በዚህ ጊዜ የሚረዳው ጠበብ ያለ፥ መጠነኛ የሆነ ጨረር ነው። ጠበብ ያለ ጨረር ሌላም ጥቅም አለው፤ ጠላቂዎች በመብራት ይነጋገራሉና። ብርሃኑን በግድግዳ ላይ በክብ ማዞር «ደኅና ነኝ» ማለት ነው፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በፍጥነት መወዝወዝ «ድረሱልኝ» ማለት ነው። የተበተነ ብርሃን እንዲህ ያለውን ፊደል አይጽፍም።

ድምቀት ድፍረትን እንደሚወልድም የሚታወቅ ነው። በፍሎሪዳ ጂኒ ስፕሪንግስ በተባለው ስፍራ፥ ዴቭልስ በሚባሉት ምንጮች በኩል፥ የዋሻ ሥልጠና የሌለው ጠላቂ መብራት ይዞ እንዳይገባ የተከለከለበት ምክንያት ይህ ነው። መብራት የሌለው ሰው ጨለማው ሲጀምር ይመለሳል፤ መብራት ያለው ግን «ጥቂት ልይ» እያለ ይገባል። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች መብራት ለጠላቂው ምን እንደሚያደርግለት ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያደርገውም ተረድተዋል።

4. ስለ ባትሪው

ሁለተኛው ነቀፌታ ከሁሉ የሚከብደው ነው። በአገራችን ሰው የባትሪ ድንጋይ የሚለው የማይሞላው የአልካላይን ድንጋይ፥ አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት አለው፤ በሥራ ላይ እያለ ቮልቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል። አሠራሩ ቀላል በሆነ መብራት ውስጥ ሲገባ ብርሃኑም ከቮልቱ ጋር ቀስ እያለ ይደክማል። ይህ ድክመት በሱቅ ውስጥ ጕድለት ይመስላል፤ በዋሻ ውስጥ ግን ንግግር ነው። መብራቱ «ደከምሁ፥ ውጣ» ይላል፤ ከዚያም በኋላ እየደበዘዘ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።

የሚሞላው የሊቲየም ባትሪ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከመጠን በላይ ባዶ እንዳይሆን የሚጠብቀው ዘብ በውስጡ አለበት፤ ቮልቱ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ይህ ዘብ መሥመሩን ይቈርጣል። መብራቱም ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ድረስ እኩል አድርጎ የሚይዝ ኤሌክትሮኒካዊ መቈጣጠሪያ ካለው፥ ጠላቂው ጤነኛ ብርሃን እያየ ሳለ ድንገት ጨለማ ይሆንበታል። ባትሪው ራሱን አዳነ፤ የባትሪውን ባለቤት ግን አላዳነም። ለዋናው መብራት ይህ ጠባይ ይታገሡታል፤ ከኋላው መጠባበቂያ አለና። ለመጠባበቂያው ግን ከኋላው ማን አለ?

ስለ ማከማቸትም ጕዳይ አለ። መጠባበቂያ መብራት ሥራው አለመሥራት ነው፤ ለወራት በከረጢት ውስጥ ይተኛል። የድሮው ዓይነት የኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ተኝቶ ሳለ በየወሩ ከኀይሉ ቀላል የማይባል ክፍል ያጣ ነበር፤ በ2005 ገበያ ላይ የዋሉት የተሻሻሉት ይህን በእጅጉ ቀንሰዋል። በአንጻሩ አንዳንድ ዘመናዊ መብራቶች ማብሪያቸው ኤሌክትሮኒካዊ በመሆኑ፥ ጠፍተው ሳሉም ትእዛዝ ለመጠበቅ ጥቂት ኀይል ይወስዳሉ። ነቅቶ የሚተኛ ዘበኛ ደክሞት ይነሣል። የማይሞላው የአልካላይን ድንጋይ በተኛበት ለዓመታት ኀይሉን ይይዛል፤ እርሱም ቢሆን ከተረሳ አፍስሶ የመብራቱን ውስጥ ያበላሻል፥ በብርድም ይደክማል። የማይሞላው የሊቲየም ድንጋይ ዋጋው ቢወደድም ብርድን ይቋቋማል፥ ከአሥር ዓመት በላይም ይቀመጣል።

እዚህ ላይ በ2019 የደረሰውን አንድ አደጋ ማንሣት ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 2 ቀን በካሊፎርኒያ በሳንታ ክሩዝ ደሴት አጠገብ ቆማ በነበረችው ኮንሴፕሽን በተባለች የጠላቂዎች መርከብ ላይ ሌሊት እሳት ተነሥቶ 34 ሰዎች ሞቱ። የእሳቱ ትክክለኛ መነሻ ሊረጋገጥ አልቻለም፤ መርማሪዎቹ ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ከዘረዘሯቸው መካከል ግን ጠባቂ ሳይኖር በመሞላት ላይ የነበሩ ባትሪዎች ይገኙባቸዋል። አደጋው እንደ ደረሰ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የመርከብ ባለቤቶች ያለ ጠባቂ የሊቲየም ባትሪ መሙላትን እንዲወስኑ መከረ። ይህ ለመርከብ ደኅንነት ተገቢ ምክር ነው። ለመብራት ሠሪ ግን ሌላ ትምህርት አለው፤ ሦስቱም መብራቶቹ ከአንድ መሙያ የሚጠጡ ጠላቂ፥ መሙያው በተከለከለበት ሌሊት ሦስቱንም ያጣል። ዋናው የሚሞላ ከሆነ መጠባበቂያው የማይሞላ ድንጋይ እንዲሆን ብዙ የዋሻ ጠላቂዎች የሚመርጡበት ምክንያት አሁን ግልጥ ይመስለናል። የድሮ ሰው አጕል ልማድ አይደለም፤ የነጻነት ሒሳብ ነው።

5. ስለ ማብሪያውና ስለ ግፊቱ

በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል። በ40 ሜትር ላይ የውሃው ተጨማሪ ግፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 4 ኪሎ ያህል ነው። እንግዲህ ስፋቱ 1 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነ የሚጫን ማብሪያ ያለው መብራት፥ በዚህ ጥልቀት ላይ 4 ኪሎ የሚከብድ ጣት ሳያቋርጥ ይጫነዋል ማለት ነው። ሠሪው ሞላውን ካጠነከረው በደረቅ ስፍራ ለመጫን ይከብዳል፤ ካላላው ውሃው ራሱ ይጫነዋል።

ከዚህ ለመሸሽ ብዙ መብራቶች ራሳቸውን በማዞር የሚበሩ ሆኑ፤ ጭንቅላቱ ሲጠብቅ ይበራል፥ ሲላላ ይጠፋል። ይህ አሠራር ቀላልና ጠንካራ ነው። ሆኖም የጭንቅላቱ ስፋት በመሐሉ 3 ሴንቲሜትር ቢሆን ገጹ 7 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በ40 ሜትር ላይ 28 ኪሎ ያህል ይገፋዋል። በጥቂቱ ብቻ የተላላ ጭንቅላት በዚህ ግፊት ወደ ውስጥ ገብቶ ማንም ሳያዝዘው ሊበራ ይችላል። ጠላቂው ሳያውቀው በደረቱ ላይ ሲበራ የቈየ መብራት በተፈለገ ጊዜ ባዶ ነው። ይህን የሚፈራ ሰው ጭንቅላቱን አብዝቶ ያላላዋል፤ አብዝቶ ሲያላላው ደግሞ ውሃ የሚከለክለው የላስቲክ ቀለበት፥ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሉት፥ ከማኅተሙ ስፍራ ሊወጣ ይደርሳል። ማጥፊያውና የውሃ መዝጊያው አንድ ጥርስ ላይ መሠራታቸው የሐሳብ ጕድለት ነው፤ መብራት ለማጥፋት በሩን የሚከፍት ቤት ይመስላል።

ሦስተኛው መንገድ ማግኔት ነው። ማብሪያው ከውጭ በማግኔት ይንቀሳቀሳል፤ ከውስጥ ያለው ስሜት ተቀባይ ይታዘዘዋል፤ በቤቱ ላይ ቀዳዳ አያስፈልግም። ይህ መልካም ፈጠራ ነው፤ ዳሩ ግን ብረት የተቀላቀለበት አሸዋ በማግኔቱ ላይ ተሰብስቦ እንቅስቃሴውን ሊያግደው ይችላል። ከዚህ የባሰው ግን ሠሪዎች በአንድ ማብሪያ ላይ ብዙ ትእዛዝ መጫናቸው ነው፤ አንድ ጊዜ ቢጫኑት ብርቱ፥ ሁለት ጊዜ ቢጫኑት ደካማ፥ ሦስት ጊዜ ቢጫኑት ብልጭ ድርግም። በወፍራም ጓንት፥ በቀዘቀዘ ጣት፥ በሚደነግጥ ልብ የሚጫን ሰው ስንት ጊዜ እንደ ተጫነ አይቈጥርም።

6. ሊቀርቡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ለእውነት ሲባል የሌላውን ወገን ክርክር ማየት ይገባል። አንደኛ፥ «ጠላቂን ከዋሻ የሚያወጣው መሪ ገመድ እንጂ መብራት አይደለም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። በ2018 በታይላንድ ታም ሉዋንግ በተባለው ዋሻ የታገዱትን 12 ልጆችና አሠልጣኛቸውን ያወጡት ጠላቂዎች፥ ውሃው ጭቃ ስለ ነበረ አብዛኛውን መንገድ ገመዱን በእጃቸው እየዳሰሱ ነበር የሄዱት። ይሁን እንጂ የተጠላለፈ ገመድ ለመፍታት፥ የቀረውን አየር ከመለኪያው ለማንበብ፥ ገመዱ ወደሚለያይበት ስፍራ ሲደርሱ የአቅጣጫውን ምልክት ለማየት ብርሃን ያስፈልጋል። ይህም የእኛን ሐሳብ ያጸናል፤ ለነዚህ ሥራዎች የሚያስፈልገው ጥቂት ብርሃን ለብዙ ሰዓት ነው።

ሁለተኛ፥ «መብራቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆኑ እጅ ይለምዳቸዋል፤ ከቡድኑም አንዱ የሌላውን መብራት ሳያይ ለመጠቀም ይችላል» ይላሉ። ይህ ከባድ ክርክር ነው። የቢል ሆጋርዝ ሜይን ስም የተሰጠው የዕቃ አያያዝ ልማድ የተመሠረተው በዚህ ዓይነት ሥርዐት ነው፤ ሁለቱ መጠባበቂያዎች በደረት ቀበቶ ላይ በግራና በቀኝ ይንጠለጠላሉ፤ ከካላማደሪያ በተቈረጠ የጐማ ቀለበት ይያዛሉ፤ መንጠቆው ከመብራቱ ጋር የሚታሰረው ቢጠላለፍ በቢላ ሊቈረጥ በሚችል ገመድ ነው። እጅ ሁልጊዜ ወደ አንድ ስፍራ ይሄዳል። እኛም ይህን አንነቅፍም። የምንለው ግን አንድነቱ ከውጭ፥ ልዩነቱ ከውስጥ ይሁን ነው። መልካቸው፥ ስፍራቸው፥ የማብሪያቸው አነካክ አንድ ይሁን፤ የኀይል ምንጫቸውና የውስጥ አሠራራቸው ግን ይለያይ። እጅ አንድ ነገር ይልመድ፤ ብልሽት ግን ሁለት ነገር ይግጠመው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዋጋ ነው። ይህ ግን ለእኛ የሚረዳ ነው። መጠነኛ ድምቀት፥ አንድ ትእዛዝ ብቻ የሚሰማ ማብሪያና ተራ ድንጋይ ያለው መብራት ለመሥራት ከብርቱው ይረክሳል። የሚወደደው ነገር ጥንቃቄው ነው፤ እርሱም የሚጨመረው በማኅተሙና በፈተናው ላይ ነው።

7. ምን ዓይነት መብራት ይሠራ?

ሂስ አፍርሶ ብቻ እንዳይቀር የሚከተለውን እናቀርባለን።

መጠባበቂያ መብራት ከዋናው የተለየ የኀይል ምንጭ ይኑረው፤ ዋናው የሚሞላ ከሆነ መጠባበቂያው የማይሞላ ድንጋይ ይውሰድ። ዕድሜው ከጕዞው ጠቅላላ ጊዜ የበለጠ ይሁን እንጂ ከመመለሻው ጊዜ ብቻ ጋር አይመዘን፤ ዋናው መብራት በየትኛዋ ደቂቃ እንደሚጠፋ ማንም አያውቅምና። ብርሃኑ ሲደክም በደረጃ ይድከም፤ መቈጣጠሪያ ካለውም ባትሪው ሳያልቅ ዝቅ ወዳለ ብርሃን ወርዶ በዚያ ረጅም ጊዜ ይቈይ። ይህን ማድረግ የጀመሩ ሠሪዎች አሉ፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ማብሪያው «በራ» እና «ጠፋ» ብቻ ይወቅ፤ በየትኛው ላይ እንዳለም በጓንት ተዳስሶ ይታወቅ። የውሃ ግፊት ሁኔታውን ሊለውጠው አይቻለው፤ ማጥፊያውም ከውሃ መዝጊያው ይለይ። ሁለት የላስቲክ ቀለበቶች ይኑሩት፤ አንድ ጠጕር ወይም አንድ የአሸዋ ፍሬ አንዱን ቢያነሣው ሁለተኛው ይቀራልና። ውሃ የነካው ባትሪ ጋዝ ስለሚያወጣ፥ ባለቤቱ ሲከፍተው በፊቱ እንዳይፈነዳ ትርፍ ግፊትን የሚያስወጣ መንገድ ይኑረው።

ከሁሉ በላይ ግን ፈተናው ይለወጥ። ዛሬ መብራት የሚመዘነው ባትሪው ትኵስ ሆኖ፥ ከካርቶኑ እንደ ወጣ ነው። እኛ የምናቀርበው ፈተና እንዲህ ያለ ነው፤ መብራቱ ባትሪው እንደ ገባበት ለሦስት ወር በመደርደሪያ ላይ ይተኛ። ከዚያም በቀዝቃዛ ውሃና በሚገባው ግፊት ውስጥ ጠፍቶ አንድ ሰዓት ይቈይ። ከዚያም ወፍራም ጓንት ያደረገ ሰው ዐይኑን ተሸፍኖ በአንድ እጁ ከማንጠልጠያው አውጥቶ ያብራው፤ የፈጀበትም ጊዜ ይመዝገብ። በመጨረሻም እስኪጠፋ ድረስ ይብራ፤ እንዴት እንደ ጠፋ፥ በድንገት ወይስ በዝግታ መሆኑ ይጻፍ። ይህ ፈተና ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የአንድ የተማሪዎች ቤተ ሙከራ ሊያደርገው ይችላል። ውጤቱ በካርቶኑ ላይ ከሉመኑ ጐን ቢታተም ገዢው የሚገዛውን ነገር ያውቃል።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በውሃ በተሞላ ዋሻ ውስጥ የመግባት አሳብ እንደሌላቸው እናውቃለን። ነገር ግን የምህንድስና ተማሪ ነገ የሆስፒታል ጀኔሬተር ይተክላል፤ የውሃ ፓምፕ ይመርጣል፤ የስልክ ጣቢያ ኀይል ያሰላል። በየቦታውም «መጠባበቂያ አለ» የሚል ቃል ይሰማል። ጀኔሬተሩን የሚያስነሣው ባትሪ በዚያው በተቋረጠው መሥመር ብቻ ይሞላ እንደ ሆነ፥ ሁለቱ ፓምፖች በአንድ ፊውዝ ላይ ተቀጥለው እንደ ሆነ፥ ያ መጠባበቂያ በወረቀት ላይ ያለ ቍጥር ነው። ስለዚህ «ስንት አለ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «አንዱን የሚያጠፋው ሌላውንስ ያጠፋዋልን?» ብሎ መጠየቅ የሙያችን ግዴታ ነው እንላለን። በውሃ ውስጥ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም፤ በደረቅ ምድር ተቀምጠን የምንነድፈው እኛ ግን ጊዜ አለን።